ቅጠሉና ሚዛኑ፦ የስኳር በሽታ፣ የዕፅዋት መድኃኒት እና የቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት የማረጋገጫ ሥርዓት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በምንሰጠው ትምህርት ላይ፣ ዘወትር ከፊት የሚቀመጡ አንድ ሐጂ ጥያቄ አቀረቡልን። «ኡስታዝ፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኪኒኑ ሆዴን አስቸገረኝ። የሺፈራው ቅጠል አፍልቼ ብጠጣ በዲናችን ችግር አለበት?» አሉን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ ቅጠሉ ንጹሕና ሐላል መሆኑን፣ መታከም የተፈቀደ መሆኑን፣ ሽፋእ ከአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ መሆኑን ነግረናቸው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐጂው ከሶፍ ጠፉ። ስናጠያይቅ ሆስፒታል መተኛታቸውን ሰማን። ለካ ኪኒናቸውን ከዚያች ምሽት ጀምሮ ትተውት ኖሯል። አልሐምዱ ሊላህ፣ ድነው ተመለሱ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ የተናገሩት ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም፦ «እርስዎ ሐላል ነው ካሉኝ ምን ያስፈራኛል ብዬ ነው።»

የሰጠነው ብይን ስሕተት አልነበረበትም፤ ቅጠሉ ሐላል ነው። ሐጂው የሰሙት ግን ሌላ ነገር ነበር። «ሐላል ነው» ያልነውን «ያድናል» ብለው ተረዱት፤ ከዚያም አልፈው «ሌላውን መድኃኒት ይተካል» ብለው ተረዱት። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የፈቂህ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሐኪም ናቸው። ልዩነቱን ያልገለጽነው እኛ ነንና ጥፋቱም የእኛ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥፋት የተነሣ ነው። የምንመረምረው ጥያቄ፣ ቀደምት ሙስሊም ሐኪሞችና ፉቀሃእ አንድን ቅጠል መድኃኒት ብለው ለመጥራት ምን ምን ይጠይቁ ነበር የሚል ነው። ታሪኩ እንደሚያሳየን፣ ለዕፅዋት ትልቅ ክብር የሰጠው ይኸው ሥልጣኔ ለማረጋገጫም የዚያኑ ያህል ጥብቅ ሥርዓት አበጅቶ ነበር። ዛሬ በስሙ ቅጠል የሚያዝዝ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ውርሶች አንዱን ብቻ ይዟል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሕመሙ በቀደምት ሐኪሞች ዘንድ

ዛሬ የስኳር በሽታ የምንለው ሕመም በቀደሙት የዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት «ዲያቢጡስ» በሚል ከግሪክ በመጣ ስም ይታወቃል። ቃሉ ማለፍን፣ በውስጥ ፈስሶ መሄድን ያመለክታል፤ ሕመምተኛው የጠጣው ውሃ ሳይቆይ በሽንት ስለሚያልፍ የተሰጠ ስም ነው። የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ጃሊኑስ ሕመሙ ከኩላሊት ድካም የሚመጣ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በሕይወቱ ያየውም ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ጽፏል።

ኢብን ሲና (980–1037) በ«አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» ሦስተኛ መጽሐፍ ሕመሙን ከኩላሊትና ከሽንት ሕመሞች ጋር አስቀምጦ ያብራራዋል። ከሚጠቅሳቸው የዐረብኛ ስሞች አንዱ «ዱላብ» ነው። ዱላብ ውሃ እየቀዳ የሚያፈስ፣ ሳያርፍ የሚሽከረከር የመስኖ መንኮራኩር ነው። ስሙ ሕመሙን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፤ ሰውዬው ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ዳግም ይጠማል። ለኢብን ሲና ዋናው ምክንያት የኩላሊት ሙቀት ነው፤ የጋለች ኩላሊት ልትይዘው ከምትችለው በላይ ውሃ ትስባለች። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ማቀዝቀዝ፣ ማርጠብና ኩላሊትን ማጠንከር ሆነ።

ከእርሱ በኋላ ዐብዱል-ለጢፍ አል-በግዳዲ (1162–1231) ስለዚህ ሕመም ብቻ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። በካይሮ ይኖር የነበረውና በዐረብኛ የጻፈው አይሁዳዊው ሐኪም ሙሳ ኢብን መይሙን (በ1204 የሞተ) ደግሞ፣ በምዕራቡ አገር ሕመሙን ጨርሶ እንዳላየ፣ በግብጽ ግን በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ20 በላይ ሕመምተኞች እንዳየ መዝግቧል። ጃሊኑስ ሁለት ብቻ አየሁ ያለውን ሕመም በመቁጠር ማረሙን ልብ እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ሊቃውንት በደም ውስጥ ያለ ስኳርን የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። የሽንት ጣፋጭነት በጥንታዊት ሕንድ የሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቦ ነበር፤ በአውሮፓ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1674 ጻፈው፤ ጣፋጩ ነገር ስኳር መሆኑን ማቲው ዶብሰን በ1776 አሳየ። ሕመሙ ከኩላሊት ሳይሆን ከቆሽት ጋር መያያዙ የታወቀው ደግሞ በ1889 ነው፤ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ቆሽቱን ያወጡለት ውሻ በስኳር ሕመም መያዙን ባዩ ጊዜ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። በቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ለዲያቢጡስ የታዘዘ ተክል ጥማትን ለማስታገስና ሽንትን ለመቀነስ የታዘዘ ነው። «ኢብን ሲና ይህን ቅጠል ለስኳር አዝዞታል» የሚል ጽሑፍ ስናነብ፣ ሊቁ ያላሰበውን ዓላማ በስሙ እየጫንንበት እንዳይሆን ልንጠነቀቅ ይገባል። ከእርሱ በእርግጠኝነት የምንወርሰው ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ይልቅ መድኃኒትን የፈተነበትን መንገድ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የሸሪዓውን መሠረት እንይ።

2. መድኃኒቱ ሕመሙን ሲገጥመው

ለእያንዳንዱ ሕመም መድኃኒት እንዳለው የሚያስተምረው ሐዲሥ በመስጊዶቻችን በሰፊው ይነገራል። ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ቃል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሁኔታ አለ፦ ፈውሱ በአላህ ፈቃድ የሚገኘው መድኃኒቱ ሕመሙን በትክክል ሲያገኘው ነው። ኢብኑል-ቀይዪም (1292–1350) በ«ዛዱል-መዓድ» ይህን ሲያብራሩ፣ መድኃኒት በዓይነቱ ወይም በመጠኑ ከሕመሙ ልክ ካለፈ ወደ ሌላ ሕመም ያሻግራል፤ ከልኩ ካነሰም አይቋቋመውም ይላሉ። እንግዲህ የመጠን ጉዳይ ከሐዲሡ ማብራሪያ ውስጥ የሚገኝ እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም። «አንድ እፍኝ ቅጠል አፍልተህ ጠጣ» የሚል ምክር ይህን መስፈርት አያሟላም። የማን እፍኝ ነው? ቅጠሉ ለጋ ነው ወይስ የደረቀ? ጠጪው ምን ዓይነት ሕመም አለበት? ለእነዚህ መልስ ሳይኖር ሐዲሡን ብቻ መጥቀስ ከሐዲሡ ግማሹን መተው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ፣ ሕክምና ወደሚያውቀው የሰቂፍ ሰው ወደ ሐሪሥ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ መምራታቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመምተኛን ወደ ባለሙያ ከመሩ፣ ወሕይ የማይወርድለት ኢማም ይህን ቢያደርግ ክብሩ ከቶ አይቀንስም።

ስለ ነቢያዊ ሕክምና ምንነት ዑለማእ የተለያየ አቋም ነበራቸው። ኢብኑል-ቀይዪም በውስጡ መለኮታዊ ጥበብ ያያሉ። ኢብን ኸልዱን (በ1406 የሞቱ) ደግሞ በ«ሙቀዲማ» በሐዲሥ የተጠቀሰው ሕክምና የዐረቦች የልማድ ሕክምና እንጂ የወሕይ አካል እንዳልሆነ፣ በእምነት ለበረከት ለሚጠቀምበት ግን ጥቅም እንዳለው ይጽፋሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ለጉዳያችን ይበቃናል፤ ያልታወቀ ነገርን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ማዘዝ አይፈቀድም።

ለዚህ የአብሽ ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሰዎች የአብሽን ጥቅም ቢያውቁ ኖሮ በክብደቱ ልክ ወርቅ ከፍለው ይገዙት ነበር የሚል ንግግር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደተገኘ ተደርጎ ይነገራል። ኢብኑል-ጀውዚ ይህን ከተፈበረኩ ሐዲሦች ጋር መዝግበውታል። በ«ዛዱል-መዓድ» ተመሳሳዩ ሐሳብ የአንድ ሐኪም ንግግር ሆኖ ተጠቅሷል። አብሽ ጠቃሚ ምግብ መሆኑ አያከራክርም። የሐኪም አድናቆት የነቢይ ቃል ሆኖ ሲነገር ግን ጥያቄው ከአብሽ ወጥቶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ወደ መዋሸት ይሻገራል።

3. ተክሉን በስሙና በመልኩ ማወቅ

ሙስሊም ሊቃውንት በመጀመሪያ የታገሉት ችግር የስም ችግር ነበር። የግሪኩ ዲዮስቆሪዶስ ስለ ዕፅዋት መድኃኒት የጻፈው መጽሐፍ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በኢስጢፋን ኢብን ባሲል ተተረጎመ፤ ሑነይን ኢብን ኢስሓቅም አረመው። ተርጓሚው የዐረብኛ ስም ያላገኘላቸውን ብዙ ተክሎች በግሪክ ስማቸው ትቷቸው ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የግሪኩ ቅጂ ከቁስጥንጥንያ ንጉሥ ለቁርጡባው ኸሊፋ በስጦታ ሲላክ፣ ግሪክ የሚያውቅ ኒቆላ የሚባል መነኩሴም ተከትሎ መጣ። የከተማይቱ ሙስሊምና አይሁድ ሐኪሞች ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ስሞቹን አንድ በአንድ ከተክሎቹ ጋር አመሳከሩ። ታሪኩን የነገረን በዚያው ሥራ ውስጥ የኖረው ሐኪም ኢብን ጁልጁል ነው።

አል-ቢሩኒም በዕድሜው ማምሻ በጻፈው «ኪታቡስ-ሶይደላ» የመድኃኒቶችን ስም በዐረብኛ፣ በግሪክ፣ በሱርስጥ፣ በፋርስና በሕንድ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይሰጣል። አንዱ ስም ለሁለት ተክሎች፣ አንዱ ተክል በብዙ ስሞች ሲጠራ ሰው በስሕተት ሊሞት እንደሚችል ያውቃል። ከማላጋ ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ በኩል እስከ ሻም የተጓዘው ኢብን አል-በይጣር (በ1248 በደማስቆ የሞተ) ከ1,400 በላይ መድኃኒቶችንና ምግቦችን በፊደል ተራ ያሰባሰበበትን ታላቅ መጽሐፍ ሲጀምር፣ ከቀደሙት የሚቀበለው በምልከታና በማረጋገጥ የጸናለትን እንደሆነ ይገልጻል።

በአገራችንም ይህ ችግር የቅርብ ነው። አንድ የቅጠል ስም ከወሎ ወደ ጅማ፣ ከሐረር ወደ ጎንደር ሲሻገር ሌላ ተክል ሊያመለክት ይችላል። በገበያ ደርቆና ደቅቆ በላስቲክ የታሰረ ዱቄት ደግሞ ቅጠሉ ምን እንደነበር ለዓይን አይናገርም።

4. የመፈተን ሥርዓት

ስሙ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው «ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። አቡ በክር አር-ራዚ (በ925 ገደማ የሞተ) በ«አል-ሓዊ» እንደመዘገበው፣ የአንጎል ሽፋን ብግነት ምልክት ከታየባቸው ሕመምተኞች ከፊሎቹን ደም በማውጣት አከመ፤ ሌሎቹን ግን ለማነጻጸር ሲል ሆን ብሎ ሳያወጣላቸው ቀረ። ሕክምናውን ከሕክምና አልባው ጋር ካላነጻጸሩ በቀር ሕመምተኛውን ያዳነው ምን እንደሆነ እንደማይታወቅ ተረድቶ ነበር።

ኢብን ሲና በ«አል-ቃኑን» ሁለተኛ መጽሐፍ ይህን ወደ ሰባት መስፈርቶች አሰፋው። መድኃኒቱ ከውጭ ከመጣ ባሕርይ የጸዳ ይሁን። የሚፈተነው ባልተደራረበ፣ አንድ ብቻ በሆነ ሕመም ላይ ይሁን። በተቃራኒ ሕመሞችም ላይ ይፈተን፤ አንዳንዴ የሚጠቅመው በራሱ ሳይሆን በአጋጣሚ ነውና። ኃይሉ ከሕመሙ ኃይል ጋር የተመጣጠነ ይሁን። የሚሠራበት ጊዜ ይታይ። ውጤቱ ዘወትር ወይም በአብዛኛው የሚደገም ይሁን፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም። በመጨረሻም ፈተናው በሰው አካል ላይ ይሁን፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየ ውጤት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ላያሳይ ይችላልና።

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን መስፈርት በተለይ እንድትይዙልን እንሻለን፤ ወደ አገራችን ቅጠሎች ስንመለስ እንፈልጋቸዋለንና።

5. ተጠያቂነት

ሥርዓቱ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ አልቀረም። በ931 በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ ሲባል፣ ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር በሲናን ኢብን ሣቢት ያልተፈተነ ሰው እንዳያክም አዘዘ። በሁለቱ የከተማይቱ ወገኖች ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና መቅረባቸውን የታሪክ ጸሐፍት ዘግበዋል። ከዚያ በኋላ የገበያ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ሥራውን የሚመራባቸው የሒስባ መጻሕፍት ተጻፉ። የአሽ-ሸይዘሪና የኢብኑል-ኡኹዋ መጻሕፍት ስለ መድኃኒት ሻጮች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላቸው፤ ሻጮቹ ውዱን መድኃኒት በርካሹ እንዴት እንደሚቀላቅሉና ማታለሉ እንዴት እንደሚታወቅ ይዘረዝራሉ።

የሒስባው መሠረት ሸሪዓዊ ነው። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጀህ በዘገቡት ሐዲሥ ሕክምና ሳይታወቅለት ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተደንግጓል። ኢብኑል-ቀይዪም ከዚህ በመነሣት አካሚዎችን በአምስት ክፍል መድበው ተጠያቂነታቸውን ይተነትናሉ። ሙያውን የሚያውቅ፣ ተፈቅዶለት የሠራና ድንበር ያላለፈ ሐኪም ጉዳት ቢደርስ አይጠየቅም፤ እውቀት ሳይኖረው ሕመምተኛውን አታልሎ ያከመ ግን ይጠየቃል።

ይህን ሐዲሥ በመድረሳ ያልተማረ ከመካከላችን የለም። ስንማረው ግን ብዙውን ጊዜ ቢላዋ የያዘ ሰው እንጂ ሚንበር ላይ የቆመ ሰው አይታየንም። በኹጥባ ወይም በትምህርት መካከል «ይህ ቅጠል ስኳርን ያጠፋል» ያለ ሰው አክሟል። የሰሚዎቹ ብዛት ኃላፊነቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

6. ከቅጠል ወደ ኪኒን

ቅጠል የስኳር በሽታን አይረዳም ልንል አንችልም፤ በዓለም ላይ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በስፋት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ታሪኩ የሚነሣው ከአንድ ተክል ነው። ተክሉ ጋሌጋ ይባላል፤ በደቡብ አውሮፓና በምዕራብ እስያ ይበቅላል። በውስጡ ከጓኒዲን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር አለ። በ1918 ጓኒዲን የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደሚያወርድ ታየ። በ1920ዎቹ ከተክሉ የተገኘው ጋሌጊን በሕመምተኞች ላይ ተሞከረ፤ ነገር ግን መርዛማነቱ አስቸገረ። ተክሉን የበሉ በጎች እንደሚሞቱም ይታወቅ ነበር። ሜትፎርሚን በ1922 በቤተ ሙከራ ተሠራ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን በሰው ላይ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው ግን በ1957 ነው። በብሪታኒያ በ1958፣ በአሜሪካ በ1994 ተፈቀደ። በመካከሉ የዚሁ ወገን የሆነው ፌንፎርሚን በደም ውስጥ አደገኛ አሲድ እንዲከማች በማድረጉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጥቷል።

ይህ ታሪክ «ቅጠሉ እውነት ነበር፤ ኪኒኑም ከቅጠሉ ነው» ተብሎ በአጭሩ ሲነገር ትምህርቱ ይጠፋል። ተክሉ እንዳለ አልታዘዘም። በውስጡ የታየው ኃይል ተለይቶ፣ ተለውጦ፣ ተመዝኖ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ፣ እኅቱ የሆነው መድኃኒት ሲጎዳም ተጥሎ ነው ዛሬ ሐኪም በሚሊግራም ቆጥሮ የሚያዝዘው ኪኒን የደረሰን። ኢብን ሲና የዘረዘራቸው ጥያቄዎች በዚህ መንገድ ላይ በየተራ ተጠይቀዋል።

ሌሎች ቅጠሎችም ትምህርት አላቸው። በሕንድ ሙስሊም ሐኪሞች ዘንድ የሚታወቀው የጉርማር ቅጠል ስሙ «ስኳር ገዳይ» ማለት ነው። ቅጠሉን ያኘከ ሰው ለጥቂት ጊዜ ጣፋጭ ነገር አይጣፍጠውም። ስሙ የመጣው ምላስ ላይ ከታየው ነገር መሆኑን ካላወቅን በደም ውስጥ ያለውንም ስኳር እንዲሁ የሚገድል ይመስለናል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ነገር ነው። የሐር ትል የሚመገበው፣ በዐረብኛ ቱት የሚባለው ዛፍ ቅጠል ደግሞ በአንጀት ውስጥ ስታርች ወደ ስኳር የሚፈርስበትን ሥራ የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለው። ተመራማሪዎች በዚህ አሠራር ላይ ተመሥርተው የተለኩ መድኃኒቶች ሠርተዋል።

7. የአገራችን ቅጠሎች

በአገራችን ስለ ስኳር በሽታ ሲነሣ ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው ሺፈራው ነው። በኮንሶና በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ለዘመናት እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ የተከበረ ምግብ ነው። የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ጥንጁት፣ እንዲሁም በባህል ሕክምና የታወቀው አርማጉሳ ለስኳር በሽታ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። የአገራችን ተመራማሪዎች የእነዚህን ቅጠሎች ንጥር፣ ማለትም ቅጠሉ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎና ተጣርቶ የሚገኘውን ጭማቂ፣ በቤተ ሙከራ የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ፈትነው የደም ስኳር መቀነሱን ዘግበዋል።

ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ራሳቸው ተመራማሪዎቹም ውጤቱን የመንገድ መጀመሪያ አድርገው እንጂ መጨረሻ አድርገው አያቀርቡትም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን «በሳይንስ ተረጋገጠ» ይባላል። የኢብን ሲና ሰባተኛ መስፈርት እዚህ ይነሣል፤ በፈረስ ላይ የታየው ለሰው በቂ ማስረጃ ካልሆነ፣ በአይጥ ላይ የታየውም ብቻውን በቂ አይሆንም። ስድስተኛውም ይከተላል፤ ጎረቤታችን ቅጠሉን ጠጥቶ ስኳሩ ወረደ መባሉ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ነው፤ በዚያው ሳምንት እንጀራውን ቀንሶ፣ ኪኒኑንም ሳያቋርጥ ወስዶ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም በቤተ ሙከራ የተነጠረው ጭማቂና በጀበና የፈላው ቅጠል በውስጣቸው ያለው ነገር መጠኑ አንድ አይደለም።

ቅጠሉ ኃይል የለውም ከሚለው ግምት ይልቅ፣ ኃይል ካለው የሚመጣው አደጋም ሊታሰብ ይገባል። የደም ስኳርን በእውነት የሚያወርድ ቅጠል ከኪኒን ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲደረብ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይደናገራል፤ ካልተረዳም ራሱን ይስታል። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ወይም ወጣት፣ ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማያመርት ኢንሱሊኑን ለቅጠል ብሎ ቢያቋርጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ከ1922 በፊት፣ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በቶሮንቶ ለ14 ዓመት ልጅ ሳይሰጥ በፊት፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የዚያ ልጅ የመጀመሪያው መርፌ እንኳ ንጥሩ በደንብ ስላልጸዳ አልተሳካም፤ ከቀናት በኋላ የተሰጠው የተጣራው ንጥር ነው የሠራለት።

8. ረመዷንና የኢማሙ ኃላፊነት

ጉዳዩ በረመዷን ይበልጥ ይከብዳል። በ13 አገሮች በሚኖሩ 12,243 የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገና በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ መውረድ በረመዷን ወቅት በአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች ዘንድ ወደ 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሕመምተኞች ዘንድ ወደ 7.5 እጥፍ ጨምሯል። በዚህ ላይ በሱሑር የሚጠጣ መጠኑ ያልታወቀ የቅጠል ጭማቂ ሲጨመር አደጋው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ቁርኣን ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው። ሐኪም መጾም ይጎዳሃል ያለው ሰው ያፈጥራል፤ ሊያካክስ የሚችል ያካክሳል፤ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ለያንዳንዱ ቀን ድኻ ያበላል። ከዚህ ፈቃድ ለማምለጥ ብሎ ወደ ቅጠል የሚሸሽ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ የአላህን ፈቃድ መቀበል ራሱ ዒባዳ መሆኑን ልናስተምር ይገባል። ደሙን ለምርመራ መስጠት ወይም ኢንሱሊን መወጋት ጾሙን የሚያበላሽበት መስሎት የሚተወውም ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው አሥረኛ ጉባኤው፣ ለምርመራ የሚወሰድ የደም ናሙናም ሆነ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በረመዷን ዋዜማ ኹጥባ ላይ ማሰማት ብዙ ሕይወት ሊጠብቅ ይችላል።

መደምደሚያ

የዳሰስነው ታሪክ ወደ አንድ ነገር ይመራናል። ቀደምቶቻችን ቅጠልን አልናቁም፤ ፍለጋ ሲሉ ከአንደሉስ እስከ ሻም ተጉዘዋል። ነገር ግን ስሙን ሳያጣሩ፣ ሳይፈትኑ፣ ሳይመዝኑና ተጠያቂነቱን ሳይሸከሙ መድኃኒት ነው አላሉም። የፈቂሁን ብይን ከሐኪሙ ምስክርነት ለይተው አስቀምጠዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ሲመጣ መልሳችን ሁለት ክፍል ይኑረው። ስለ ሐላልነቱ የምናውቀውን እንመልስ፤ ስለ ፈውሱ ግን ጠያቂውን ወደ ሐኪሙ እንምራው። ቅጠሉን መጠጣት ከፈለገም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ መድኃኒቱንም በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ። በየመስጊዳችንና በየመድረሳችን የሕክምና ሙያ የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከኢማሙ አጠገብ ቢቀመጡ ሰዕድን (ረ.ዐ.) ወደ ሐኪም የመራውን ሱንና ሕያው እናደርጋለን።

ሐጂው ዛሬም ከፊት ይቀመጣሉ። ሺፈራውን አልተዉትም፤ ከምሳቸው ጋር እንደ ጎመን ይበሉታል፤ ኪኒናቸውንም በሰዓቱ ይወስዳሉ። ባለፈው ረመዷን ሐኪማቸው ከልክሏቸው አልጾሙም። የድኻ ምግብ ይዘው ወደ መስጊድ በመጡ ቀን «ይህም ሐላል ነው አይደል?» ብለው ፈገግ አሉ። «ይህ ሐላል ብቻ አይደለም፤ አጅርም አለበት» አልናቸው። ይህን ስንል ከሐኪማቸው ጋር ተማክረን ነበር። ወላሁ አዕለም።